ለማንኛውም ቁስል

«አያምሽም እማዬ! ቅባቱ ተቀብቶልሻል እኮ፣ እንዴት አድርጎ ያምሻል?»

ልጅቷ ይህን የሰማችው ፊቷን ስትታጠብ ነው፤ ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ እንዳለ። ተናጋሪው ታላቅ ወንድሟ ነበር። ወዲያው የእናትየው ድምፅ ተከተለ፤ ጩኸት እንኳ አይባልም፣ ጥርስ ላይ ደርሶ ግማሹ የቀረ ነገር ነው። ከዚያ ነርሷ፣ «በርቱ እማማ፣ መድኃኒቱ አደንዝዞታል፣ የሚሰማዎት መነካካቱ ብቻ ነው» አለች። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? የሰው እግር ይዘው፣ ያንቺን ሕመም ካንቺ በላይ እኛ እናውቃለን ብለው የሕመሙን ባለቤት ሲሞግቷት! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት እንዲህ ነው።

ፊቷን በቅጡ ሳትለቃለቅ ወጣች። ሳሎኑ እናትየው ከታመመች ወዲህ ሳሎንነቱ ቀርቷል። ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ በቦታው ታጣፊ አልጋ ገብቷል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ድምፃቸው የተዘጋ ሰዎች ይስቃሉ፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ የአበባ ማስቀመጫው ተነስቶ ጎዝና የመድኃኒት ጠርሙስ ተደርድሯል። የአሮጊቷ ቁስል ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው፤ የደም ሥሯ ያመጣው ነው ብለዋታል። ዳር ዳሩ ቀልቶ፣ መሃሉ መግል ቋጥሮ፣ አልሽር ብሎ ከረመ። ነርሷ አንድ ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤት ናት፤ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትወጣና አመሻሽ ላይ ስትመለስ ጎራ ብላ ታጥብላታለች። ልበ ደግ ሴት ናት፤ ጥፋቷ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ማመኗ ብቻ ነው። ካርቶኑን ያመጣው ደግሞ ወንድምየው ነው። ገና ገበያ ያልወጣ የማደንዘዣ ቅባት፣ ነጭና ሰማያዊ፣ ፊቱ ላይ በትልልቁ «ለማንኛውም ቁስል» ተብሎ የተጻፈበት።

«እማዬ፣ አመመሽ?» አለቻት።

እናትየው መጀመሪያ ወንድ ልጇን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ኮርኒሱ መለሰች። «ኧረ ደህና ነኝ የኔ እናት። እርጅና ነው። እርጅና ያለ ምክንያት ያስጮኻል።»

ወንድምየው «አላልኩሽም?» እንደማለት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን የእናቷን ሻርፕ እያየች ነበር። ጫፉ በምራቅ ርሷል፤ የጥርስ ምልክት አለበት። ነክሳው ኖሯል።

ወደ ሥራ የሚሄዱት በሱ መኪና ነው። ሁለቱም አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ እሱ የሽያጭ ኃላፊ፣ እሷ ላቦራቶሪ ውስጥ ኬሚስት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው፣ እሱ ባዶ ጠርሙስ ቢሰጡት የሚሸጥ አንደበተ ርቱዕ፣ እሷ ሰላምታ እንኳ በልክ የምትሰጥ። ይሁን እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሐሜት እንዳይሆንብን። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ እሷን ያስተማራት እሱ ነው፤ እናቱንም ቢሆን በሳምንት ሁለቴ ተሸክሞ ገላዋን የሚያስታጥባት እሱ ነው። ለዚህ ነው በሱ ላይ አፍ መክፈት የሚከብዳት። መኪናው ውስጥ ወሬያቸው ስለ ዋጋ ብቻ ነበር። «ቤንዚን ደግሞ ጨመረ» አለ። «ምን ያልጨመረ አለ» አለች። ጎዝም እንደጨመረ ነገራት፤ ቲማቲም እንደጨመረ ነገረችው፤ ስለ እናታቸው ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። መብራት ላይ ሲቆሙ ነው ዋናውን ነገር ያወጣው።

«ከሰዓት ስብሰባው ላይ ትጠሪያለሽ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ልኬቱ ትክክል ነው ትያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ። ካርቶኑ ታትሞ መጋዘን ገብቷል፣ ከነገ ወዲያ ለገበያ ይወጣል። ስሜን ያስያዝኩበት ነገር ነው።»

«ትክክል መሆኑንማ ትክክል ነው» አለች፤ አለችና ቀሪው ነገር እዚያው፣ ቀዩን መብራት እያየች፣ ተገለጠላት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወንድሟ «ምን ሆንሽ?» ሲላት «ምንም» አለችው።

ሥራዋ ሲያወሩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ዘይት መሰል ፈሳሽና ውሃ አንድ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይጨመራሉ፤ መድኃኒቱ ይገባበታል፤ ዕቃው ይገለባበጣል፤ ከዚያ ቁጭ ሲል ዘይቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች ሆነው ይለያያሉ። ከመድኃኒቱ ምን ያህሉ ወደ ዘይቱ ገባ፣ ምን ያህሉ ውሃው ውስጥ ቀረ ብሎ መለካት ነው። ፋብሪካው በሙሉ «ነቅንቄ» የሚላት በዚህ የተነሳ ነው፤ ዘበኛው ሳይቀር «እንደምን አደርሽ ነቅንቄ» ነው የሚላት። ዳሩ ግን ይሄ ማደንዘዣ፣ እንደ ብዙ መድኃኒቶች ሁሉ፣ ሁለት ጠባይ አለው። ውሃው ኮምጠጥ ሲል የኤሌክትሪክ ሙል፣ ቻርጅ የሚሉትን፣ ይይዝና ከውሃው አልላቀቅም ይላል፤ ውሃው ለዘብ ሲል ደግሞ የያዘውን ሙል ጥሎ ወደ ዘይቱ ዘው ይላል። ሕመምን የሚያደርሰው ነርቭ በስብ የተሸፈነ ነው። ዘይት ውስጥ መግባት ያልቻለ መድኃኒት እዚያም አይገባም፤ ከደጅ ቆሞ ይቀራል። እሷ የለካችው ለጤነኛ ሰውነት በተዘጋጀ ውሃ ነበር፤ የታዘዘችው እሱን ነው፣ ውጤቱም ያማረ ሆነ። መግል የቋጠረ ቁስል ግን ይኮመጥጣል። ይሄን የማያውቅ ኬሚስት የለም፤ ለካርቶኑ የሚሆን ቃል ሲመረጥ ግን ኬሚስት የጠየቀ አልነበረም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጡረታው የደረሰ፣ ከሙቀት መለኪያ በቀር ከማንም ጋር የማይጣላ ሽማግሌ ነው። የፋብሪካው ሰው ያወጣለት ስም «አይመለከተኝም» ነው፤ ቃሉ ከአፉ ስለማይጠፋ። ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

«ቅባቱን በኮምጣጣ ውሃ ልለካው ነው» አለችው።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አይመለከተኝም» አለና መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። አብሮት ለሠራ ሰው ይሄ ፈቃድ ነው። ሽማግሌው ያለ መነጽሩ በሩን እንኳ አያይም።

ውሃውን እንደ ቁስል አኮመጠጠችው፤ ጨውና አሲዱን አመጣጥና፣ መለኪያው የፈለገችውን እስኪያሳያት ድረስ በጠብታ። ዘይቱንም አስቀድማ ውሃ አጠጣችው፤ ያልጠጣ ዘይት ውሃውን እየሰረቀ ልኬቱን ያበላሻል። ሽታው ሳሙናም አይደለም፣ ያረጀ የብርቱካን ልጣጭም አይደለም፣ በሁለቱ መሃል ያለ፣ ልብስ ላይ ከተጣበቀ ሦስት ጊዜ ታጥቦ የማይለቅ ሽታ ነው። ሁሉንም ጨምራ ከደነችና መነቅነቅ ጀመረች። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ብርጭቆም ማዋስ አይገባም ነበር። «አያምሽም እማዬ!» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ሲያቃጭል እጇ ፈጠነ፤ ሻርፑ ትዝ ሲላት ባሰ፤ አስቀምጣ ስታየው ዕቃው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ወተት ሆኗል። ዘይቱ ከውሃው፣ ውሃው ከዘይቱ ተፈጫጭቶ፣ ድንበር የሚባል ነገር የለም። ገና ሥራ የጀመረ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። እሷ ደግሞ ሌሎችን «ቀስ አድርጋችሁ አገላብጡ እንጂ አትምቱት» እያለች የምታስተምር ሴት ነበረች።

ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ መጣና ወተቱን ትክ ብሎ አየው። «ማንን ነበር ስትነቀንቂ የዋልሽው?» አላት።

«ወንድሜን።»

«እሱ እዚህ ውስጥ የለም። ድፊውና እንደገና ጀምሪ» አለና፣ መለስ ብሎ ጨመረበት፤ «ምሳ ሰዓት ማሽኑ ነፃ ነው። እኔ ምሳ እወጣለሁ፤ የማየው ነገር የለም።»

ደፋችው። እጇን ታጠበች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ከግቢው የሚመጣውን የጭነት መኪና ድምፅ እስኪበርድላት አዳመጠች። ሁለተኛውን የሕፃን አልጋ እንደሚያወዛውዝ ሰው ቀስ እያለች አገላበጠችው። ቁጭ ሲል፣ ያማረ ድንበር መሃሉ ላይ ታየ፤ ከላይ ጥርት ያለ ዘይት፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ። ከሁለቱም ቀድታ፣ ብርሃን አሳልፎ በሚያነብበው ማሽን አየችው። ዘይቱ ውስጥ መድኃኒት አለ ለማለት ያሳፍራል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሃው ውስጥ ቀርቷል። ተሳስቼ እንደሆነ ብላ ደገመችው፤ ሰለሰችው። መድኃኒቱ ቃሉን አልቀየረም። ምሳ ሳትበላ ቁጭ ብላ፣ «አይ እማዬ፣ ደህና ነኝ ትዪኛለሽ!» አለች ጮክ ብላ፣ ለባዶው ክፍል። አለቀሰችም፤ ለምን ይደበቃል።

የስብሰባው ክፍል ምንጣፉ ወፍራም፣ ወንበሩ የሚሽከረከር ነው። ጠረጴዛው መሃል ነጭና ሰማያዊው ካርቶን ተቆልሎ ቆሟል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ፈካ ያለ፣ ሰው ሲያዝ «እስቲ ቸር እንሁን» እያለ የሚጀምር ሰው ነው። ወንድሟ በቀኙ ተቀምጧል፤ ጠዋት ያደረገውን ከረባት ለውጧል። ሽማግሌው ጥግ ይዟል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደሷ ገፋ አድርጎ፣ «እስቲ ቸር እንሁንና ቶሎ እንጨርስ፤ ልኬቱ ትክክል ነው አይደል?» አላት።

«ትክክል ነው» አለች። ወንድሟ በረጅሙ ተነፈሰ። «ለጤነኛ ቆዳ ትክክል ነው። መግል ለያዘ ቁስል ግን አይሠራም። ዛሬ ለክቼዋለሁ። ካርቶኑ ላይ ማንኛውም የሚለው ቃል ካልወጣ አልፈርምም።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግታውን ሳያነሳ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ይሄ ምንድነው? እርስዎ አዘዋት ነው?»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ልኬቷ ንጹሕ ነው፤ ከምሳ ስመለስ ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ። የቀረው አይመለከተኝም» አለ። ለሱ ይሄ ጦር ሜዳ እንደመዝመት ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሁሉ ተገታትሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን «እንግዲህ የብርጭቆ ነገር ነው፤ ብርጭቆ ሌላ፣ ሰው ሌላ» አለ።

ይሄኔ ነው ወንድምየው የተነሳው። «ልክ ነዎት፤ ሰው ሌላ ነው» አለ። «እኔ ሩቅ አልሄድም። የገዛ እናቴ ቁስሏ መግል አለው። ጠዋትና ማታ ይሄንኑ ቅባት እየተቀባች ትታጠባለች። አንድ ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም።»

ነቅንቄ ጆሮዋን አላመነችም። ወንድሟን አየችው፤ እሱ ካርቶኑን ያያል። «ወንድም ጋሼ፣ እማዬን?» አለች። ሥራ አስኪያጁ ግን ደስታው ጣሪያ ነካ። «ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል! ደውልላቸዋ፤ ሁላችንም እንስማ!»

ወንድምየው ይሄን አልጠበቀም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ሆነበት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሲጠራ፣ ሲጠራ፣ እናትየው አነሳች። ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ይንጠባጠባል። «እማዬ፣ ያ ቅባት... ሲታጠብ ያምሻል እንዴ?» አላት።

«ማን ማን አለ እዚያ?» አለች አሮጊቷ።

«አለቆቼ አሉ። ሁሉም ይሰሙሻል።»

የቤቱ ቧንቧ በስልኩ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር። ልጅቷ በልቧ «በይ እማዬ፣ በይ» እያለች ለመነቻት። አሮጊቷ በመጨረሻ፣ «ኧረ አያመኝም። እግዜር ይስጣቸው በላቸው፤ ልጄንም ከፍ ያድርጉልኝ» አለችና ዘጋችው።

«እንግዲህ!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ እስክሪብቶውን እንደገና እየገፋ። «እናትሽ ራሳቸው ተናገሩ።»

«ሰማሁ» አለች። «እናቴ ያዳነችው ልጇን ነው፤ እግሯን አይደለም። ስንት እናት ነው እንደዚህ ሻርፕ እየነከሰች፣ አያምሽም፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል እየተባለች የምትታጠበው? እኔ ለዚህ ፊርማ ጣቴን አላነሳም።»

«እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት። ካልሆነ ጠረጴዛሽን ባዶ አድርጊ።»

«ለነገ የሚተርፍ ሐሳብ የለኝም» አለችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዛ ቆመች። ከኋላዋ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ወንድሟ ነው ብላ ዞረች፤ ሽማግሌው ነበር። የላቦራቶሪውን ቁልፍ እጇ ላይ አኖረና፣ «ሦስቱን ብርጭቆ አታጥቢያቸው፤ ክፍሉን ቆልፊው» ብሎ ሄደ።

ክፍሉን ቆልፋ ወደ ቤት የሄደችው በአውቶቡስ ነው። ደረጃውን ወጥታ ስትገባ የወንድሟ ጫማ በሩ ሥር አለ፤ የመኝታ ክፍሉ በር ግን ተዘግቷል። ነርሷ እጅጌዋን ሰብስባ ጎዙን እያዘጋጀች ነው። እናትየው ልጇን ስታይ ፊቷን አጨፈገገች። «ነግሮኛል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን አድርጊ ነው የምትይኝ? አለቆቹ ፊት ላዋርደው? ደሙን ተፍቶ ያሳደገሽን?»

«እኔ ምንም አላልኩሽም እማዬ።»

«አላልሽም፤ ዓይንሽ ግን ይላል።» አሮጊቷ ሻርፗን ከትከሻዋ ሳበች፣ ጫፉን አጣጥፋ ወደ አፏ ወሰደች። ነርሷ ቱቦውን ከፈተችና ቅባቱን አደረገች፤ እንደ ደንቡም ጠበቀች። ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን እጅ ያዘች። ከዚያ በሌላው እጇ ሻርፑን ከአፏ ቀስ አድርጋ ሳበችው።

«ዛሬ አትነክሺም።»

«ተይ አንቺ ልጅ! ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ምን ሰርቀሻል? ሌላ ማን ይነግራቸዋል እማዬ? እኔ ብርጭቆ ነው የለካሁት። እግሩ ያንቺ ነው።»

ነርሷ እርጥቡን ጎዝ ቁስሉ ላይ አሳረፈች። አሮጊቷ ጮኸች። እንዲህ ዓይነት ጩኸት ያ ቤት ሰምቶ አያውቅም፤ የታመቀው ሳምንት ሁሉ አንድ ላይ ነው የወጣው። ነርሷ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች፤ «ውይ በሞትኩት! እማማ፣ እስከ ዛሬም እንዲህ ነበር?» አለች፤ መልስ ሳታገኝ ዓይኗ እንባ ሞላ።

የመኝታ ክፍሉ በር ተከፈተ። ወንድምየው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ካልሲ አድርጎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። «እማዬ፣ አያ...» አለ፤ የለመደው ቃል አፉ ላይ ተሰብሮ ቀረ።

«ያምማል» አለች እናቱ። ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል፤ ዓይኗ ግን ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ነው። «ያምማል ልጄ። ጠዋትም አሞኛል፣ ትናንትም አሞኛል። በስልክ ስትጠይቀኝም እያመመኝ ነበር። አንተን ያስከብርልኛል ብዬ ነው። እዚህ አንዲቱ ልጄ እንጀራዋን ልታጣ ነው፣ እኔ ደግሞ ጨርቅ እየነከስኩ ላስጨርሳት? አላደርገውም! በል ያን ስልክህን አምጣ።»

«እማዬ፣ አሁን አምሽቷል፣ ነገ...»

«አምጣ አልኩህ! ለሰውየው ደውልልኝ።»

እህቱ የእናቷን እጅ እንደያዘች ነበር። ወንድምየው ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ለረጅም ጊዜ መዳፉ ላይ አየው፤ ከዚያ፣ ይሄን ማንም አይወስድበትም፣ ራሱ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ አልጋው ላይ፣ ትራሱ አጠገብ አኖረላት። ሲጠራ ቆይቶ የሥራ አስኪያጁ ፈካ ያለ ድምፅ «ሃሎ!» አለ።

«ጌታዬ፣ የሽያጭ ኃላፊው እናት ነኝ» አለች አሮጊቷ። «ቅድም ዋሽቼዎታለሁ። አሁን ቁስሌን እያጠቡልኝ ነው፤ ቅባትዎም ተቀብቶልኛል። እርስዎ ምንም አይበሉ፤ ብቻ እንዳይዘጉት፣ ያዳምጡ።»

እግሯን ዘረጋችና ወደ ነርሷ ዞራ፣ «ቀጥይ» አለቻት።